ወግ ነው አሉኝ

ወግ ነው አሉኝ ያኔ፤ ወግ ነው፣ አትቆጣ፤
የቡድኑ ልጅ ሁሉ በዚህ በር ነው የመጣ።
ላብ ላብ በሚል ፋሻ ዓይኔን ጠፍረው አስረው፣
በአሽቀሎን ባሕር ዳር፣ በጥር ብርድ፣ አንበርክከው፣
በስልካቸው መብራት ከበው እየሳቁ
ግማሽ ራሴን ላጭተው ግማሹን ለቀቁ።
እኔም ሳቅሁ አብሬ።
ሲስቁብህ ካልሳቅህ ሳቁ ይረዝማል፤
ይህን ተማሪ ቤት የዋለ ያውቀዋል።

ቤት ስገባ እናቴ ካልሲ ታጣምራለች፤
ቀና ብላ አይታኝ፣ "ማን ሞተ?" አለች።
"ማን ሞቶብህ ነው ልጄ እንዲህ የተላጨህ?
ወይስ ለግማሽ ሰው ነው ሐዘን የተቀመጥህ?"
"መብራት ጠፋ" አልኋት፤ "ፀጉር ቤቱ ሳለሁ።"
መብራት እዚህ አገር መች ይጠፋል? አውቃለሁ፣
አላመነችኝም። መላጫውን አመጣች፤
የቀረውን ግማሽ በገዛ እጇ ላጨች፣
ጆሮዬን አጥፋ ይዛ፣ ነገር ሳታበዛ።

ዓመት ዞረ። ዘንድሮ አምበል አደረጉኝ፤
የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ካንገቴ አሰሩልኝ።
ያኒቭ ያንኑ ማሽን በፌስታል ይዞ መጣ፤
"ሦስት አዲሶች አሉን፤ ተራው ላንተ ወጣ።
ይጣፍጣል" አለኝ፣ "ካለፈብህ በኋላ።"
ከማሽኑ ጥርስ መሐል አጭር ጥቁር ፀጉር አየሁ።
የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከሦስቱ አንዱ ግራኝ ነው፣ የቅርያት ጋት ልጅ፤
ኦፊር ነው ለሜዳው፣ ለዝርዝሩ፣ ለደጅ፤
ለቤቱ ግን ፈንታሁን። ከፊቱ የሞተ
ወንድም ነበረው አሉ፣ ሳምንት ያልሰነበተ።
ስሙ ላይ ቆምሁ። በእኔ ፈንታ? በአምናው እኔ ፈንታ?
እኔስ የማን ፈንታ ነበርሁ የዚያን ማታ?
ያኒቭስ የማን ነው? ከሱ በፊት ያለው?
ሁሉም "ምንም አይደል" ይላል፤ የሚተርክ ግን ማነው?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፣ ይላል የኛ ተረት።
ተወግቶ ሲወጋስ? እሱን ሳይጨርሱት ተዉት።
ወግና ወጋ ለካ ጎረቤት ናቸው፤
አንድ አፍ መክፈት ብቻ ነው የሚለያቸው።

ለአሰልጣኙ ነገርሁ። ሩስላን ፊሽካውን ጠረገ፤
"አልሰማሁም" አለኝና ባዶ እጁ ላይ ሰዓት ፈለገ።
ስለዚህ ልብስ መቀየሪያው መሐል፣ ባንድ እግሬ ጫማ፣
አምና የሆንሁትን ተናገርሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ፤
እናቴ ያለችውንም።
"ማን ሞተ?" ስል አንዱ ሳቀ። ሌላው ካልሲውን አየ።
ያኒቭ በሩን ወርውሮት ወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ
ኳስ አላቀበለኝም፣ ነጻ ቆሜ እያየ።
ማሽኑን ቆለፍሁበት። ቁልፉ ካንገቴ ነው፤ ይከብዳል።

በተቀጠረው ማታ ፈንታሁን ኮፍያ ይዞ መጣ፣
ሱፍ፣ ጥቁር፣ አዲስ፣ ዋጋው ከላዩ ያልወጣ።
"ሰምቻለሁ" አለኝ። "ብቻ ቶሎ ይሁን።"
"ኮፍያህን አድርግ፣ ይበርዳል። ያንን ጫፍ ያዝልኝ አሁን።"
መረቡን በሁለት ጫፍ ይዘን፣ አሥራ ስድስት ኳስ፣
ከጂሙ እስከ ዕቃ ቤቱ፣ ነፋሱ ከባሕር ሲነፍስ፣
ስለ ፈተና አወራን፤ አውቶቡሱ ስለመዘግየቱ።
በሩን ስቆልፍ ቆመ። ወደ ባሕሩ ዞረ።
"ታዲያ መቼ ነው?" አለኝ፣ እጁን ወደ ፀጉሩ ልኮ።
"አለቀ" አልሁት፤ "ይኸው ነው፤ አለቀኮ።"

አላመነኝም። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ጎተተው፤
አውቶቡሱ እስኪመጣ እጁን ከላዩ አላነሣው።